ስታዲየሙ ውስጥ ያልነበሩት አዛዥ፦ የዳዲስ ካማራ ክስ፣ ፍርድና ይቅርታ

ሴፕቴምበር 28 ቀን 2009 ኮናክሪ ስታዲየም ውስጥ ወታደሮች በሰልፈኞች ላይ ሲተኩሱ የጊኒ መሪ የነበሩት ሻምበል ሙሳ ዳዲስ ካማራ በቦታው አልነበሩም። እዚያው ከተማ፣ አልፋ ያያ ዲያሎ በተባለው የጦር ሰፈር ውስጥ ነበሩ። በገዛ እጃቸው ገደሉ ተብለውም አልተከሰሱም። ይሁንና ከ15 ዓመት ግድም በኋላ፣ ጁላይ 31 ቀን 2024፣ የአገራቸው ፍርድ ቤት በሰብዓዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ 20 ዓመት እስር ፈረደባቸው። ፍርዱ ስምንት ወር ሳይሞላው ደግሞ በፕሬዚዳንታዊ ይቅርታ ከእስር ወጡ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ የጦር አዛዥ በሰልፈኞች ግድያ ተከሰሰ ሲባል ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ተኩሱ ብሎ አዝዟል ወይ?” ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ብቻውን ከተያዘ አዛዡን ነጻ ያወጣዋል። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ በወረቀት አይጻፍም፤ የሰሙት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም አብረው የሚጠየቁ ስለሆኑ አፋቸው አይከፈትም። የጊኒው ፍርድ የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው። አዛዡን ከሟቾቹ ጋር አጥብቆ የሚያስተሳስረው ማስረጃ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከግድያው በኋላ በነበሩት ቀናት ውስጥ ነው። አስከሬኑ የት ገባ? ማን ታሰረ? ማን በሥልጣኑ ቀጠለ? ለሕዝብ ምን ተነገረ? በእኔ እምነት የዳዲስ ጉዳይ የተቋጨው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። የተደረገላቸው ይቅርታም መመዘን ያለበት በእነዚሁ ነው።

ስታዲየሙ

ቦታው “የሴፕቴምበር 28 ስታዲየም” ይባላል። ስያሜው የተወሰደው ጊኒዎች በ1958 በዚሁ ቀን የፈረንሳዩን መሪ የደ ጎልን፣ ቅኝ ግዛቶቹ በፈረንሳይ በሚመራ ማኅበረሰብ ሥር ይቀጥሉ የሚል ሐሳብ በሕዝበ ውሳኔ “አይሆንም” ብለው ውድቅ ካደረጉበት ታሪክ ነው። ተቃዋሚዎች ለሰልፋቸው ቀኑንም ቦታውንም የመረጡት ይህን እያሰቡ ነበር።

ዳዲስ ሥልጣን የያዙት በዲሴምበር 2008፣ ለ24 ዓመት የገዙት ላንሳና ኮንቴ በሞቱ በሰዓታት ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሥልጣኑን ለሲቪል እንደሚያስረክቡና እንደማይወዳደሩ ተናግረው ስለነበር ብዙ ሰው በደስታ ተቀብሏቸው ነበር። ወራት ሲያልፉ ግን ለጃንዋሪ 2010 በታቀደው ምርጫ ሊወዳደሩ እንደሆነ ግልጽ እየሆነ መጣ። በዚያ ሰኞ ጠዋት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ስታዲየሙን የሞላው ይህን ለመቃወም ነው። ሕዝቡ እየዘፈነ፣ አንዳንዱም ሜዳው ላይ እየሰገደ ነበር።

እኩለ ቀን ሳይደርስ የጸጥታ ኃይሎቹ መጡ። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ ወዲያው ቀይ መለዮ የለበሱት የፕሬዚዳንቱ ጠባቂዎች በበሮቹ ገብተው ጥይት ማዝነብ ጀመሩ። መውጫዎቹ ተዘግተው ስለነበር ሰዉ መሸሻ አጣ፤ አጥር ሲዘል የተመታ አለ፤ ተረጋግጦ የሞተ አለ፤ በሳንጃ የተወጋ አለ። ሴቶች እዚያው ሜዳው ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በቡድን ተደፈሩ። የተወሰኑት በመኪና ተጭነው ወደ መኖሪያ ቤቶች ተወስደው ለቀናት የወሲብ ባሪያ ተደረጉ። የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሴሉ ዳላን ዲያሎን ጨምሮ የተቃዋሚ መሪዎች በከባዱ ተደብድበዋል። የተባበሩት መንግሥታት ያቋቋመው ዓለም አቀፍ አጣሪ ኮሚሽን በኋላ ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ 156 ሰዎች መገደላቸውን ወይም ደብዛቸው መጥፋቱን፣ ቢያንስ 109 ሴቶችና ልጃገረዶችም ለመደፈርና ለሌላ ወሲባዊ ጥቃት መዳረጋቸውን አረጋግጧል።

“ልቆጣጠራቸው አልችልም”

ዳዲስ ወዲያውኑ ለመገናኛ ብዙኃን የሰጡት ማብራሪያ፣ ድርጊቱን የፈጸሙት ከሠራዊቱ ውስጥ ከቁጥጥር ውጭ የሆኑ ወታደሮች ናቸው፣ እኔም ብሆን ልቆጣጠራቸው አልችልም የሚል ነበር። ሰውዬው ይህን ሲሉ ራሳቸውን እየተከላከሉ መስሏቸው ነበር። በሕግ ዓይን ግን ይህ አባባል ለክርክሩ ዋናውን በር የሚከፍት ነው።

የአዛዥ ተጠያቂነት የሚባለው የሕግ መርህ የቆመው በሦስት ነገር ላይ ነው። ወንጀሉን የፈጸሙት ሰዎች በአዛዡ እውነተኛ ቁጥጥር ሥር መሆናቸው መረጋገጥ አለበት፤ የማዕረግ ስም ብቻ አይበቃም። አዛዡ ማወቁ ወይም ሁኔታው ሲታይ ማወቅ የነበረበት መሆኑ መታየት አለበት። በመጨረሻም ሊያስቆም ወይም ሊቀጣ ሲችል ዝም ማለቱ መረጋገጥ ይኖርበታል። የመጨረሻዋ ነጥብ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። አዛዡ ስለ ግድያው የሰማው ሁሉም ነገር ካበቃ በኋላ ቢሆን እንኳ፣ አጥፊዎቹን ለፍርድ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አላቀረበም ማለት ደግሞ ግዴታውን ጥሷል ማለት ነው።

ይህ መርህ ብዙ ውጣ ውረድ አይቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓኑ ጄኔራል ቶሞዩኪ ያማሺታ ማኒላ ላይ በአሜሪካ ወታደራዊ ችሎት ሲቀርቡ፣ ግንኙነት ተቋርጦብኝ ስለነበር ወታደሮቼ የሚያደርጉትን አላውቅም ነበር ብለው ተከራከሩ። አልሰሟቸውም፤ በፌብሩዋሪ 1946 በስቅላት ተቀጡ። ብዙ የሕግ ሰዎች ዛሬም ፍርዱ አዛዡ ማወቁን ሳያረጋግጥ ነው የቀጣው ብለው ይተቻሉ፤ ትችቱ ውሃ የሚያነሳ ይመስለኛል። ከ70 ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። የኮንጎው ዣን ፒየር ቤምባ ታጣቂዎቻቸው በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ በፈጸሙት ግፍ በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት 18 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በጁን 2018 ግን ይግባኝ ሰሚው ችሎት በሦስት ለሁለት ድምፅ ነጻ አሰናበታቸው። አንዱ ምክንያት ሰውዬው ሌላ አገር ሆነው ከርቀት ያዙ ስለነበር ማድረግ የሚችሉት ውስን መሆኑ በቅጡ አልተመዘነም የሚል ነው።

ዳዲስ በቤምባ ጥላ ሥር ሊጠለሉ አይችሉም ነበር። ድንበር አልለያቸውም፤ ገዳዮቹ የራሳቸው ጠባቂዎች ናቸው፤ ስታዲየሙ ውስጥ የታዩት አቡበከር “ቱምባ” ዲያኪቴ ደግሞ ከጎናቸው የማይለዩ ልዩ አጃቢያቸው ነበሩ። አሁን ወደ ቀጣዮቹ ቀናት እንመለስ፤ ጉዳዩ የሚከብደው እዚያ ነውና።

ግድያው በተፈጸመ ማግስት መንግሥት የሟቾቹ ቁጥር 57 ብቻ እንደሆነ፣ አብዛኞቹም በግፊያ እንደሞቱ ተናገረ። በዚያው ሰዓት ወታደሮች ከስታዲየሙና ከአስከሬን ማቆያ ቤቶች ሬሳ እየጫኑ ወደ ጦር ሰፈሮች እያጋዙ ነበር። ኦክቶበር 2 ቀን የቀሩት አስከሬኖች በፋይሰል ታላቁ መስጊድ ግቢ ለቤተሰብ ተዘረጉ። እናት ልጇን፣ ሚስት ባሏን ፍለጋ በተገነዙት መካከል እየዞሩ ፊት ይገልጣሉ፤ ጨርቁን መልሰው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሞቷል ብለው በዓይን ምስክር ያረጋገጡትን ሰው ሬሳ ሳያገኙ የተመለሱት ብዙዎች ናቸው። አስከሬን መሸሸግ ትዕዛዝ፣ መኪና፣ ጉድጓድ ቆፋሪና የሚጠበቅ ቦታ ይጠይቃል። በድንጋጤ የተኮሰ፣ ከቁጥጥር የወጣ ወታደር እንዲህ ያለውን ነገር አደራጅቶ አይሠራም። ከቁጥጥር ውጭ ናቸው ለተባሉት ሰዎች የጦር ሰፈሮቹ በር ተከፍቶላቸዋል።

የታሰረ የለም። ከሥልጣን የተነሣም የለም። ወታደራዊው መንግሥት ያቋቋመው የአገር ውስጥ ኮሚሽን በ2010 መጀመሪያ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በቱምባ ላይ ጭኖ ዳዲስን ነጻ አደረገ። ያን ጊዜ ቱምባ ተደብቀው ነበር፤ ዲሴምበር 3 ቀን 2009 በኩንዳራ የጦር ሰፈር አለቃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ተኩሰው አቁስለዋልና። ምክንያታቸውን ሲናገሩ፣ የጅምላ ግድያውን ዳዲስ በእሳቸው ላይ ሊያላክኩ እንደሆነ ስለገባቸው መሆኑን አልሸሸጉም። የተኩሱ ዕለት ኮናክሪ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ሥራ ላይ ነበሩ።

13 ዓመት

የቆሰሉት ዳዲስ ለሕክምና ወደ ሞሮኮ ተወሰዱ፤ ከዚያ ለረጅም ዓመታት ቡርኪና ፋሶ ውስጥ በስደት ተቀመጡ። የጊኒ መርማሪ ዳኞች ሥራ የጀመሩት በ2010 ነው። ዳዲስ ክሱ የተነገራቸው በ2015፣ ዋጋዱጉ ላይ ነበር። ቱምባ በ2016 መጨረሻ ዳካር ተያዙ። ምርመራው በ2017 መጨረሻ ተዘጋ፤ የችሎቱ ቀን ግን አልመጣም። በምርጫ ሥልጣን የያዙት አልፋ ኮንዴ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ችሎቱን ሳያስጀምሩ በሴፕቴምበር 2021 በኮሎኔል ማማዲ ዱምቡያ መፈንቅለ መንግሥት ወረዱ።

በእነዚህ ዓመታት ጉዳዩ እንዳይቀበር ያደረጉት ተጎጂዎቹ ናቸው። ከስታዲየሙ የተረፉ ሴቶች፣ አንዳንዶቹ በባሎቻቸው ተገፍተው፣ አንዳንዶቹ የዛቻ ስልክ እየተደወለላቸው፣ መርማሪ ዳኞቹ ፊት ቀርበው ቃላቸውን ሰጥተዋል። ማኅበር አቋቁመው፣ በአገር ውስጥና በውጭ የሰብዓዊ መብት ጠበቆች ታግዘው በየዓመቱ ሴፕቴምበር 28 በመጣ ቁጥር ድምፃቸውን አሰምተዋል። ከላይ ደግሞ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ከኦክቶበር 2009 ጀምሮ ቅድመ ምርመራ ከፍቶ፣ እናንተ ካልዳኛችሁ እኔ እዳኛለሁ የሚል ግፊት ያደርግ ነበር። ፍርድ ቤቱ ብዙ ቢተችም እዚህ ላይ የሠራው ሥራ ሊካድ አይገባም።

ችሎቱ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2022፣ ልክ በ13ኛው ዓመት ተከፈተ። ዳዲስ ከስደት ተመልሰው ዋዜማው ዕለት እስር ቤት ገቡ። ሂደቱ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፍ ስለነበር ኮናክሪ ውስጥ ሰዉ በየሱቁና በየመኪናው ይከታተለው ነበር። ከመቶ በላይ ተጎጂዎች መሰከሩ፤ የተደፈሩ ሴቶች አንዳንዶቹ በዝግ ችሎት፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በገዛ ፈቃዳቸው አገር እየሰማቸው ተናገሩ። ለአሥርተ ዓመታት ወታደር የሚፈራበት አገር ነው፤ አዛዦቹ በተከሳሽ ሳጥን ቆመው ተራ ሰው ሲከሳቸው ማየት ትልቅ ነገር ነበር። ቱምባ ትዕዛዙ ከዳዲስ እንደመጣ ተናገሩ። ዳዲስ በበኩላቸው ነገሩ አልፋ ኮንዴ፣ የወታደራዊው መንግሥት የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ጄኔራል ሴኩባ ኮናቴና ቱምባ የጠነሰሱት ሴራ ነው ብለው ካዱ።

ኖቬምበር 4 ቀን 2023 ንጋት ላይ ከባድ መሣሪያ የታጠቁ ሰዎች ማዕከላዊ እስር ቤቱን ሰብረው ዳዲስን ጨምሮ አራት ተከሳሾችን ይዘው ወጡ። ዳዲስ በዚያው ቀን ተመለሱ፤ ጠበቆቻቸው በግድ ተወሰዱ እንጂ አላመለጡም ብለዋል። አብረዋቸው የወጡት፣ የፕሬዚዳንቱ ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ኮሎኔል ክሎድ ፒቪ ግን ጠፉ፤ የተያዙት ከፍርዱ በኋላ ላይቤሪያ ውስጥ ነው። ሰዎች የሞቱበት ያ ጥቃት ችሎቱ ይቆማል የሚል ስጋት ቢያሳድርም ዳኞቹ ቀጠሉ።

ፍርዱ ምን አለ?

ክሱ ሲጀመር የነበረው በተራ ወንጀሎች፣ ማለትም በነፍስ ግድያ፣ በአስገድዶ መድፈር፣ በማሰቃየት ነበር። ዐቃቤ ሕግ ችሎቱ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ድርጊቱ በሰብዓዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ይባልልኝ አለ፤ ፍርድ ቤቱም ተቀበለው። ተከላካይ ጠበቆች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ጊኒ ይህን ወንጀል በወንጀል ሕጓ የደነገገችው በ2016 ነውና ወደ ኋላ ሄዶ የ2009ኙን ድርጊት ሊገዛ አይችልም አሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይቀጣ የሚከለክለው መርህ ለክፉ ሰውም ጭምር የተበጀ ነው። ሆኖም ጊኒ የዓለም አቀፉን ወንጀል ፍርድ ቤት መመሥረቻ ስምምነት ከ2009 አስቀድማ ተቀብላለች፤ በሰላማዊ ሕዝብ ላይ የተቀነባበረ ጥቃት ማድረስም በዚያን ጊዜ በዓለም አቀፍ ሕግ ወንጀል ነበር። በዚያን ዕለት ወታደሮቹን ያዝ የነበረ አዛዥ ይህ ወንጀል መሆኑን አላውቅም ነበር ሊል አይችልም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዳዲስ ጥፋተኛ የተባሉት በአዛዥነት ተጠያቂነታቸው ነው። ሰልፉን በኃይል ለመጨፍለቅ ማሰባቸውና አጥፊዎቹ ላይ እርምጃ የመውሰድ ግዴታቸውን አለመወጣታቸው ሁለቱም በምክንያትነት ቀርበዋል። ከእሳቸው ጋር ሰባት ሰዎች ጥፋተኛ ሲባሉ አራት በነጻ ተሰናብተዋል። በሌሉበት የተፈረደባቸው ፒቪ ዕድሜ ልክ፣ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ኃይሉን ይመሩ የነበሩት ሙሳ ቲየግቦሮ ካማራ 20 ዓመት፣ ቱምባ 10 ዓመት ተወስኖባቸዋል። ሁሉንም በአንድ ገመድ አለማሰሩ ለፍርዱ ክብደት ሰጥቶታል። ለተደፈሩት ሴቶች ለእያንዳንዳቸው 1.5 ቢሊዮን የጊኒ ፍራንክ፣ ወደ 170 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ካሳ እንዲከፈል ተወሰነ።

ይቅርታው

ማርች 28 ቀን 2025 ማታ በመንግሥት ቴሌቪዥን አዋጅ ተነበበ፤ በዚያን ጊዜ ጄኔራል የሆኑት የአገሪቱ መሪ ዱምቡያ ለዳዲስ በጤና ምክንያት ይቅርታ አድርገዋል የሚል ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ደግሞ ለተጎጂዎቹ የተወሰነውን ካሳ መንግሥት እንደሚከፍል በሌላ አዋጅ ተነግሮ ነበር። ሁለቱ አዋጆች መከታተላቸው በአጋጣሚ ነው ለማለት ይከብደኛል። ካሳው መብት ነው፤ በፍርድ የተገኘ ነው። ለይቅርታው ማለዘቢያ መሆን አልነበረበትም።

የታመመ እስረኛን መልቀቅ ነውር የለውም፤ ሰብዓዊ ነው። ግን መንገዱ አለው፤ የሐኪም ማረጋገጫ ይቀርባል፣ ተጎጂዎች ይሰማሉ፣ ታራሚው ጥፋቱን ይቀበላል። ዳዲስ ጥፋታቸውን አላመኑም። ከአሥር ዓመት በላይ ጠብቀው የመሰከሩት ሰዎች ውሳኔውን የሰሙት እንደማንኛውም ሰው በቴሌቪዥን ነው።

ደቡብ ኮሪያ ይህን መንገድ ቀድማ ሄዳበታለች። በሜይ 1980 በጓንግጁ ከተማ ወታደሮች በሰልፈኞች ላይ ሲተኩሱ በጦሩ ላይ ሥልጣኑን በእጃቸው ያስገቡት ጄኔራል ቹን ዱ ህዋን ነበሩ። ልዩ ሕግ ወጥቶ በ1996 ሞት ተፈረደባቸው፤ በይግባኝ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀነሰ፤ በዲሴምበር 1997 በብሔራዊ ዕርቅ ስም ይቅርታ ተደርጎላቸው ወጡ። ከዚያ በኋላ ግን የተጠበቀው ጸጸት አልመጣም። በ2017 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ከሄሊኮፕተር ሲተኮስ አይቻለሁ ያሉትን ሟች ቄስ ውሸታም ብለው ጻፉ፤ በ2020ም በዚሁ የስም ማጥፋት ወንጀል የጓንግጁ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አላቸው። በኖቬምበር 2021 ሲሞቱ የጓንግጁን ሰዎች ይቅርታ አልጠየቁም ነበር። ያለ እምነት ቃል የተሰጠ ይቅርታ ለክህደት መመቻቸቱን ኮሪያውያን ከፍለውበት ነው ያዩት።

የጊኒው ደግሞ አንድ የሚያከብደው ነገር አለ። ይቅርታውን የሰጡት ራሳቸው በመፈንቅለ መንግሥት የመጡ መኮንን ናቸው፤ መንግሥታቸው በሜይ 2022፣ ችሎቱ ከመከፈቱ አራት ወር ቀደም ብሎ፣ ሰልፍን ከልክሏል። ፍርዱ ሊሰጥ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ኡማር ሲላና ማማዱ ቢሎ ባህ የተባሉ ሁለት የታወቁ የተቃውሞ መሪዎች ኮናክሪ ውስጥ በታጠቁ ሰዎች ተወስደዋል። ስለዚህ ሰልፈኛን የገደለ አዛዥ ይጠየቃል የሚለው መልእክት በአንድ እጅ ሲሰጥ በሌላው እየተወሰደ ነበር።

ይቅርታ ቅጣቱን ያነሣል፤ የጥፋተኝነት ውሳኔውን ግን አይሽረውም። ዳዲስ ዛሬም በሕግ ፊት በሰብዓዊነት ላይ ወንጀል የፈጸሙ ሰው ናቸው፤ የተሰጠው ምስክርነትም በመዝገብ ሰፍሮ ለሌላ አገር ዳኞች የሚጠቅም ሆኗል። የቀረው ያላለቀ ሥራ አንድ ነው፤ በ2009 በጭነት መኪና የተወሰዱት አስከሬኖች። የጦር ሰፈር ጉድጓድ ያለ አዛዥ ዕውቀት አይቆፈርም። ለዳዲስም ሆነ ለሌላው ይቅርታ ሲሰጥ የመቃብሩን ቦታ እንዲናገሩ ግዴታ ሊጣልባቸው ይገባ ነበር። ለቀሪዎቹ ፍርደኞች ግን አሁንም ጊዜው አላለፈም፤ ከእንግዲህ ይቅርታም ሆነ የእስር ቅናሽ የሚጠይቅ ሁሉ በቅድሚያ ይህን እንዲመልስ የጊኒ ፍትሕ ሚኒስቴር በሕግ እንዲደነገግ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል።